ያልገጠመ ጥይት

ተድላ ሽጉጡን ሲያይ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሐጅ አዋድ ፎጣውን ገልጠው ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«ያዘው እንጂ፣ ባዶ ነው።»

«ያ ሐጅ» አለ ተድላ እንደ ሱዳኖቹ አጠራር፣ «እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ።»

«ስንቅነሽ ሌላ ነው የነገረችኝ።»

ተድላ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር አለ። ሚስቱ ስንቅነሽ በዚህ ካፉሪ ሰፈር ባለው የሐጅ ቪላ ምግብ ማብሰል ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኑን ሸሸችው። ሱዳን ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጎንደር ላይ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ እንደነበር ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፖሊሶች «ከሻ» ለሚሉት አፈሳ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ገበያ በገቡ ቁጥር፣ ስደተኛውን እያስቆሙ ወረቀትና ሥራ ሲጠይቁ፣ «የስፌት መኪና እጠግናለሁ» ብሎ መርፌና ክር ያሳያቸዋል። መሣሪያ የሚያውቅ ሀበሻ መባልን አጥብቆ ይፈራ ነበር።

«የማዚንን ክንድ አይቼ አላስቻለኝም» አለች ስንቅነሽ ሻዩን እያስቀመጠች።

ባለፈው ወር ጀሪፍ ካለው የሐጅ እርሻ ሌቦች ገብተው ነበር። የውሃ መሳቢያውን ሲነቅሉ ሐጅ ደርሰው ሽጉጣቸውን መዘዙ። ቃታውን ቢስቡት እምቢ አለ። ልጃቸው ማዚን በባዶ እጁ ገባባቸውና ክንዱን በብረት ሰበሩት።

«ማዚን አዲስ ዘጠኝ ሚሊሜትር ግዛ ይለኛል» አሉ ሐጅ። «የመሣሪያ ነጋዴው ደግሞ የዚህን ጥይት ከውጭ አስመጣልሃለሁ ይላል። ይሄ የአባቴ ነው፤ ቻድ ሲነግዱ ከአንድ የፈረንሳይ መኮንን የገዙት። እርግብ ያወርዱበት ነበር፣ ወላሂ! አንተ ምን ትላለህ?»

ተድላ ሻዩን አልነካውም። ሽጉጡን አነሳው። ቀጭን ነው፤ መዳፉ ውስጥ ልክክ አለ። አውራ ጣቱ ማንም ሳያዘው ካዝናውን አወጣ። ፎጣው ላይ ከነበሩት አዲስ ጥይቶች አንዱን በብርሃን አይቶ፣ ሐጅ ከመሳቢያ ካወጧቸው አምስት የአባታቸው አሮጌ ጥይቶች አንዱን አጠገቡ አቆመው። ሁለቱም እኩል ይወፍራሉ፤ አዲሱ ግን ያጥራል።

«ይሄን ማን ሸጠልዎት?»

«ነጋዴው ነዋ። ሰባት ስልሳ አምስት አልኩት፤ ሰባት ስልሳ አምስት ሰጠኝ።»

«ሁለት ዓይነት አለ፣ ያ ሐጅ። የእርስዎ ረጅሙ ነው፤ ያን ቀን እምቢ ያለዎት አጭሩን ስላጎረሱት ነው። እሱን ፈረንሳዮች ለራሳቸው ሠርተው ተዉት፤ ሌላው አገር አልተቀበለውም።»

እጁ ላይ የቀረው የአሮጌ ዘይት ሽታ ጎንደር አደረሰው። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በክረምት ዝናቡ ሲወርድበት ጠጋኞቹ ለመነጋገር መጮህ ነበረባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይናቸውን በሻሽ አስረው ሽጉጥ ፈትተው ለመግጠም ይወዳደሩ ነበር፤ ተሸናፊው ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ተድላ ሻይ ገዝቶ አያውቅም። አለቃው ሻምበል ጥዑመልሳን በፉጨት እየዘፈኑ ይገቡና ጣሊያን ሠራሽ ሽጉጣቸውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። «ሙሽራዬን አጥባት» ይላሉ። ተድላ ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በእጁ የማይስተካከል ነገር ያለ አይመስለውም ነበር።

«አንድ አለቃ ነበሩኝ» አለ። «ሁላችንም የሩሲያ ማካሮቭ ስንይዝ እሳቸው የጣሊያን ያዙ። ከእኛው እጅግ ያምር ነበር። የእኛም ዘጠኝ፣ የእሳቸውም ዘጠኝ ይባላል። ግን የእኛ ጥይት ለእሳቸው አይገባም።»

«እሺ?»

«ጦሩ ሲበተን ወደ መተማ አብረን በእግር ወጣን። ቋራ በረሃ ላይ ሽፍቶች ጠበቁን። ሻምበል የነበሯቸውን ሁለት ጥይቶች ተኮሱ። ‹ተድላ፣ ጥይት!› አሉኝ። ኪሴ ውስጥ ሃያ ሦስት ጥይት ነበረኝ፣ ያ ሐጅ። አንዱን ልግጠም ብዬ ታገልኩ። እንደማይገባ እያወቅኩ። በጥርሴ ሁሉ። እሳቸው እዚያው ወደቁ።»

ስንቅነሽ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሐጅ ወደ ሽጉጡ አመለከቱ። «ታዲያ ይሄ ዋጋ የለውም?»

«አለው እንጂ! ቀላል ነው፣ እጅ አያንገጫግጭም፣ ያነጣጠሩትን ይመታል። ከዘጠኙ ይልቅ እኔ እሱን እወደዋለሁ። ግን ጥይቱ ሲያልቅብዎት የሰው ደጅ ይጠናሉ። የዘጠኙን ጥይት ፖሊሱም ወታደሩም ይይዘዋል፤ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል። ለግድግዳ ከሆነ ይሄን ይያዙ። ለማዚን ከሆነ ዘጠኙን ይግዙ።»

ሐጅ ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ይዘው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የአባታቸው እጅ ያለሰለሰው ቦታ ነበር።

«ሩክሳው፣ ፈቃዱ ማለቴ፣ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አዲሱን ካስመዘገብኩ ይሄን ለፖሊስ አስረክባለሁ። እነሱ ደግሞ ያቀልጡታል።» ፎጣውን አነሱ። «ኸላስ፣ በቃ። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

«ያ ሐጅ፣ ሳይጠቀልሉት» አለ ተድላ። ከእግሩ ሥር የሥራ ቦርሳውን ስቦ የስፌት መኪና ዘይትና ንጹሕ ጨርቅ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላጸዳው።»

«ነገ ለሚቀልጥ ብረት?»

ተድላ ሽጉጡን ከሐጅ እጅ በቀስታ ተቀበለ።

«የሻምበልን ሽጉጥ እኔ ነኝ ተሸክሜ ድንበር ያደረስኩት» አለ። «ጠባቂዎቹ መሣሪያ ጣሉ ሲሉን ከነደሙ የመሣሪያ ክምሩ ላይ ጣልኩት። ለመወልወል እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም።»

«ወደ ቤት የሚወስደን መኪና ያመልጠናል፣ ተድልዬ» አለች ስንቅነሽ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ያምልጠን» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ሽጉጡን መፍታት ጀመረ።