በኒባል ስም የወጣው ደም

አቡ ጋሳን የኢንተርኔት ገጽ ወደምንሠራበት ቢሯችን ሲገባ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ከተማችን ኢርቢድ ውስጥ ሱፍ የሚያሰፋ ሁሉ ይህን ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ግን የሰማው የለም። ያን ቀን ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ጮኸ።

«የላቦራቶሪውን ገጽ የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች ባልደረባዬ ሩዴይና።

«አጎትሽ አይደለሁም! አንብቢ!»

ሁለቱም ወረቀቶች ላይ የሴት ልጁ የኒባል ስም አለ። ከኢንተርኔት የታተመው ኒባል ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ተሸካሚ ናት ይላል። ላቦራቶሪው ማኅተም የመታበት ደግሞ ደሟ ንጹሕ ነው ይላል። እጮኛዋ ለይስ ተሸካሚ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ በሽታው ልጆቻቸው ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው እኛ አገር ሳይመረመሩ ኒካህ የማይታሰረው። የለይስ እናት ያንን የኢንተርኔት ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ዘራችሁ የተበላሸ ነው» ብላ የኒባልን ቀለበት አስወልቃ ሄዳለች።

አለቃችን ሙንዚር ጫጫታውን ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ።

«መስመሩ ነው፣ አቡ ጋሳን። ኢንተርኔት ሲጨናነቅ እንዲህ ያደርጋል።»

«መስመር የሰው ደም ይቀይራል እንዴ?»

ሩዴይና የገጹን ኮድ ከፈተች። አጠገቧ ነበር የተቀመጥኩት፤ አንገቷ ሲቀላ አየሁ። እሷ ስትሠራው እያንዳንዱ ሰው ውጤቱን ለማየት የሚያስገባውን ቁጥር ያስቀመጠችው «ሴሽን» ውስጥ ነበር። ሴሽን ለገባ ሰው ሁሉ ለየብቻው የሚሰጥ ኪስ ነው። አሁን ግን ሴሽን በነበረበት ሁሉ «አፕሊኬሽን» ተተክቷል። እሱ ደግሞ የሁሉም የጋራ ኪስ ነው፤ መጨረሻ የገባው ሰው የከተተውን ከእሱ በፊት የገባው ያወጣዋል።

«ይሄን ማን ነካው?»

ሙንዚር ጉሮሮውን ጠረገ። «በዒዱ እረፍት፣ አንቺ በሌለሽበት። ሰው ትንሽ ከቆየ ‹ቁጥርህን እንደገና አስገባ› ይለዋል ብለው ደንበኞቹ አማረሩ። አፕሊኬሽን አይረሳም። ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል።»

«ብቻህን ሆነህ ነዋ የሞከርከው! ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢገባስ?» እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የምትለው።

ሙንዚር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ቁጥሯን ተሳስታ አስገብታ ይሆናል በይው። ከላቦራቶሪው ጋር ውል ያለብን ሰዎች ነን።»

ሩዴይና መጀመሪያ ገጹን ዘጋችው። ከዚያ ስክሪኑን ወደ አቡ ጋሳን አዞረች።

«ልጅዎ አልተሳሳተችም። ገጹ ስሟን አነበበ፤ ውጤቷን ሊያወጣ ሲል ግን ሌላ ሴት ገብታ ቁጥሯ ተደረበበት። ስሙ የኒባል ነው፣ ደሙ ግን የሌላ ሰው ነው። ስህተቱ የእኛ ነው።»

አቡ ጋሳን ሁለቱን ወረቀቶች ከጠረጴዛው ሰበሰበ። «ይሄንን ቤቴ መጥተሽ ተናገሪው» አለ።

አብሬያት ሄድኩ። ለካ የላቦራቶሪው ወረቀት ወሬ ቀድሞን ደርሷል፤ ለይስና እናቱ ኩናፋ የሚባለውን ጣፋጭ አንድ ትሪ ይዘው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሩዴይና ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች።

«አላህ ይመስገን!» አለች የለይስ እናት። «በይ ልጄ፣ የሆነው ሆኗል። ቀለበትሽን አጥልቂ።»

ኒባል ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ለይስ፣ እናትህ ዘሬን ስትሰድብ የት ነበርክ?»

«እኔማ… መኪናው ውስጥ ነበርኩ።»

«እንግዲያው አሁንም እዚያው ግባ። ኩናፋችሁንም ይዛችሁ።»

እናትየው «አቤት ምላስ! እኛ እኮ ይቅር ብለን ነው የመጣነው!» አለች። አቡ ጋሳን ትሪውን ራሱ አንስቶ በሩ ጋ ወሰደላት።

እነሱ እንደወጡ ኒባል ወደ ሩዴይና ዞረች። እኔ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«አንቺስ ምን ቀረሽ? ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?»

«አዎ።»

«ይቅርታሽን ያዥው። ያ ደም የማን ነው? እሷስ የማንን አየች? ንጹሕ ነሽ ብሏት ሠርጓን እየደገሰች ቢሆንስ? ይሄን አስባችሁበታል?»

አላሰብንበትም ነበር። ሩዴይና ፊቷ አመድ መሰለ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ሙንዚር በስልክ «ላቦራቶሪው ከሰማ ድርጅቱ አለቀለት!» ብሎ ጮኸባት። «ይለቅለታ!» ብላ ዘጋችበት። ለላቦራቶሪው ሐኪም ሁሉን ነገረችው። እሱም ሰደባት፤ እሷም ስድቡን ቆማ ጠጣች። ከዚያ እሷና የላቦራቶሪው ሰዎች ከዒድ ወዲህ ገጹን ከፍተው ውጤታቸውን ላዩት ሁሉ አንድ በአንድ እየደወሉ፣ መጥታችሁ ማኅተም ያለበትን ውሰዱ ሲሉ ዋሉ።

ሴትዮዋ ተገኘች። ረምሳ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት። እሷም ላይ ከኋላዋ የገባ ሰው ቁጥር ተደርቦ፣ ገጹ ንጹሕ ነሽ ብሏት የሠርግ ጥሪ በትናለች። ደግነቱ የእጮኛዋ ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘና ተጋቡ። ሩዴይናን ግን በስልክ እንዲህ አለቻት፤ «የእኔን ደም አንድ ሰፈር ሙሉ ሲያወራበት የከረመው በማን ፈቃድ ነው?»

ሩዴይና ስልኩን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ የቢሮውን ቁልፍ ሙንዚር ፊት ጥላ ወጣች። እሱ እስከ ዛሬ ለጠየቀው ሁሉ «መስመሩ ነበር» ይላል።