ካሜራው እንዲያያት

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው የሚጥል በሽታ መከታተያ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አልሠራም ማለት ነው። እዚያ የሚፈራው ነገር ሲለምኑት እንኳ አይመጣም። ለበሽተኛው መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ይቀነስለታል፣ ራሱ ላይ ባለቀለም ሽቦ ይለጠፍለታል፣ ከኮርኒሱ ካሜራ ይዞርበታል፤ ከዚያ ሐኪሙም ነርሱም ቁጭ ብለው እስኪጥለው ይጠብቃሉ። ይጣለው እንጂ! ከየት እንደሚነሳ ካልታየ የቱ ጋ ተብሎ ጭንቅላቱ ይከፈታል?

የክፍሉን ነርሶች የምትመራው ሴት ይህን ጥበቃ ከሁሉም አብልጣ ታውቀዋለች። ሠራተኞቿ ከጀርባዋ «ሳጅን» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። የአልጋው ብረት ላይ ትራስ ሳይታሰር ቢቀር፣ የኦክስጅኑ ቱቦ ሳይፈተሽ ቢውል፣ ወየውለት ለተረኛው! ያን ቀን ግን የሳጅን የራሷ ልብ ተንጠልጥሎ ዋለ።

ምክንያቱ የጥግ አልጋዋ ልጅ ናት፤ ሃያ ያልሞላት፣ ሳቂታ፣ ለወሬ የማታንስ። እዚህ ከተኛች ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ሁለቱንም ጊዜ ካሜራው ያየው ጨርቅ ነው።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ብቻውን አሳድጓታል። በጣላት ቁጥር፣ መንገድም ይሁን ሱቅ፣ ኮቱን አውልቆ ፊቷ ላይ ጣል ማድረግ ነው ሥራው። ሰው እንዳያያት። እዚህም እጁ ቀደመው። መጀመሪያ ኮቱን ጣለባት፤ ሳጅን ኮቱን ወስዳ ቢሮዋ ቆለፈችበት። በሁለተኛው ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ስቦ ራሱ ተደፋባት። ሰውየው ደግሞ ግዙፍ ነው፤ ጎትተው እስኪያነሱት ሁሉ ነገር አለቀ። የትኛው እጇ ቀድሞ እንደተንቀሳቀሰ፣ ፊቷ ወዴት እንደዞረ ካልታየ ደግሞ፣ ሽቦው የፈለገውን ቢል ቀዶ ሐኪሞቹ ንክች አያደርጓትም።

ወጣቱ ሐኪም በጠዋት መጥቶ ለሳጅን ቁርጡን ነገራት።

«ሲስተር፣ ያለ መድኃኒት ከዚህ በላይ ልናቆያት አንችልም። መጣሉ ቢደራረብባትስ? ዛሬ ካልሆነ ማታ መድኃኒቷን እመልሳለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውም ቀረ ማለት ነው። አባትየውን ያስወጡልኝ።»

«አስወጥቼው አይቻለሁ፣ ዶክተር። ሽቦዋን ልትነቃቅል ነበር። እሱ ከሌለ አትቀመጥም።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

እርስዎ ያውቃሉ! ሲሳካ የሐኪሙ፣ ሲበላሽ የእሷ። ሳጅን ጥርሷን ነክሳ ሾፌሩን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ዕድሜውን ሙሉ ሲተረትበት ለኖረ ሰው ምን ይጨምርለታል?

«ጋሼ፣ ዛሬም ከሸፈኗት አለቀ። ኦፕራሲዮን የለም።»

«ፈልጌ ነው እንዴ? እጄ ነው እኮ!» አለ ሾፌሩ መዳፎቹን እያሳያት። «ትምህርት ቤት እንኳ ሳትገባ አውቶቡሴ ውስጥ ጣላት። ሰዉ ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ ቆሞ ያያል። እኔ መሪ ላይ ነኝ። ጥግ ይዤ እስካቆም አንድ የቀረ ሳይኖር ሁሉም አያት። ከዚያ ወዲህ ማንም አላያትም። እኔም አላየኋትም።»

«እርስዎም?»

«ምን ብዬ ልይ? ኮቱን ጥዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ሳጅን ድምጿን አላላላችም። «ሥራ ልስጥዎት። ሲጀምራት የአልጋዋን ደወል ቁልፍ ይጫኑ። ብርድ ልብሱን ገፈው ወደ እግርጌ ይጣሉ። ከዚያ የእግርጌውን ብረት እንደ መሪ ይያዙ፤ እኔ ሳልነግርዎት እንዳይለቁ። መንገድ ላይ መሪ ለቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ይኸው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጥበቃ ሆነ። ተረኛዋ ነርስ አልቆም ካለ የሚወጋትን መርፌ አዘጋጅታ በር ላይ ቆመች። ሳጅን ከአልጋው ጎን ካሜራውን በማትከልልበት ቦታ ወንበር ሳበች።

«ሲስተር፣ ሁላችሁም እንዲህ አፍጥጣችሁብኝ እንዴት ይምጣ?» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «እንግዳ እኮ ሲጠበቅ ይቀራል።»

ቀኑ ማዘቅዘቅ ጀመረ። ይምጣ፣ ምነው ቢመጣ እያለች በሰው ልጅ ላይ መከራ ስትለምን ሳጅን ራሷን ታዘበችው። ምን ዓይነት እንጀራ ነው ይሄ?

ልጅቷ ስለ አንድ ጓደኛዋ ጫማ እያወራች መሃል ላይ ቆመች። «አባዬ፣ መጣ መሰለኝ...»

ደወሉ ጮኸ። ሾፌሩ ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ከዚያ እጁ ኮት ፍለጋ ወደ ትከሻው ሄደ።

«ብረቱን! ጋሼ፣ ብረቱን!»

ያዘ።

«የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም እጅሽን አንሺልኝ! ስምሽ ማነው?» አለች ሳጅን፣ ራሷን ማወቋን ልትፈትን። መልስ የለም። የልጅቷ ግራ እጅ ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አፏ ወደ ግራ ተጣመመ፣ አንገቷም ተከተለው። ወዲያው መላ ሰውነቷን ገተራት። ሳጅን በጎኗ አስተኛቻት፣ በመሳቢያው ቱቦ ምራቋን መጠጠችላት፣ ኦክስጅኑን አፏ ላይ አደረገች። መንቀጥቀጡ ግን አልቆም አለ፤ ከንፈሯም ጠቆረ።

«ልጄ ሞተች! ልሸፍናት፣ እባክሽ ሲስተር!» አለ ሾፌሩ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«እንዳይለቁ! ይመልከቷት!»

ለምን «ይመልከቷት» እንዳለች ራሷም አታውቅም። እሱ ግን ዓይኑን ገለጠ።

«መርፌውን ስጪ!» አለች ሳጅን ለተረኛዋ። መድኃኒቱ በልጅቷ ክንድ ገባ። እግሮቿ አንድ ሁለቴ ተወራጩ፤ ከዚያ ሰውነቷ ላላ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ሳጅንም ያኔ ተነፈሰች።

ሐኪሙ የካሜራው ምስል ከሚታይበት ክፍል እየሮጠ መጣ። «አግኝተነዋል! ፊቷም፣ እጇም፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታይቷል። ነገ ለቀዶ ሐኪሞቹ አቀርበዋለሁ!»

ሾፌሩ አልሰማውም። ሳጅን ጣቶቹን አንድ በአንድ ከብረቱ ማላቀቅ ነበረባት።

ልጅቷ ለረጅም ሰዓት ተኝታ ስትነቃ አባቷ ውሃ ይዞ አጠገቧ ነበር። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች።

«አባዬ፣ ዛሬ ብርሃን ነው።»

«ሁልጊዜስ ብርሃን አይደል፣ ልጄ?»

«አይደለም። ሁልጊዜ ስነቃ ጨለማ ነው። ሞቼ የተቀበርኩ ይመስለኛል፤ ኮትህ ሲሸተኝ ነው የምረጋጋው።» ይህን ያለችው እንደ ተራ ወሬ ነው። እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች።

ሾፌሩ ብርጭቆውን ማቀበሉን ረሳ። «ስንት ዘመን ሙሉ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ትፈራለሃ፣ አባዬ።»

ሾፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያ ሰፊ ትከሻው ይንሰቀሰቅ ጀመር። ሳጅን ብርጭቆውን ቶሎ ከእጁ ተቀብላ፣ ልጅቷ ሲያለቅስ እንዳታየው በመሃላቸው ገብታ ቆመች።

«ሲስተር» አለች ልጅቷ፣ «ዞር ይበሉልኝ፤ አባዬን ልየው።»

ሳጅን ዞር አለችላት።