የታጠቡ ድንጋዮች

አባባ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ድንጋይ ሲለቅሙ ያላሾፈባቸው ሰው የለም። ቤተሰቡም ቢሆን አልማራቸውም። የቤታቸውን ሁለት ክፍሎች ግድግዳ አፍርሰው አንድ አደረጉና፣ የመስታወት ሣጥን ደርድረው፣ በሩ ላይ «የማዕድን፣ የእንቁና የቅሪተ አካል ሙዚየም» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ። ጎብኚ በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው፤ እሱም ዝናብ ያባረረው።

አሁን ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከአልጋም አይወርዱም። የምታስታምማቸው ሴት ልጃቸው ናት። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ጥድፍ ጥድፍ ስለሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ «ችኩሌ» ይሏታል።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ልኮ ስብስቡን ያስመረምራል፤ ከተስማማው ሁሉንም ወስዶ በአባባ ስም በሚሰየም ክፍል ያኖረዋል። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አስነበቧት።

«እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» አሉ። «አቧራውን ብቻ አራግፊ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ፣ አደራ።»

አቧራ ማራገፍ ብቻ ለእንደዚህ ያለ እንግዳ! ይህ ለችኩሌ አልዋጥላት አለ። ድንጋዮቹን ገልበጥ ስታደርጋቸው ከሥራቸው ነጭ የቀለም ጠብታ አየች፤ ጠብታው ላይ ደግሞ የዝንብ ኩስ የመሰለ ነገር አለ። የሣጥኖቹ ወለል ሲቀባ የነካቸው መሰላት። ሳፋ፣ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ አቅርባ ሁለት ቀን ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ ፈተገች። ሐምራዊው ክሪስታል አበራ። ድንጋይ ሆኖ የቀረው ቀንድ አውጣ ጥምዝምዙ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቷ ድንጋዮች አንድ ነገር ሠራሁ ብላ ደስ አላት።

ባለሙያዋ ሐሙስ ጠዋት መጣች። አንዱን ድንጋይ አንስታ ገለበጠችው። ሁለተኛውንም። አሥረኛውንም።

«ቁጥሮቹስ?»

«የምን ቁጥር?»

ባለሙያዋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወፍራም ደብተር ገለጠች። እያንዳንዱ ድንጋይ ከየትኛው ገደል፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ቀን እንደተገኘ በየቁጥሩ ተጽፏል። ችኩሌ ደብተሩን አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም።

«ቁጥሩ ነጩ ቀለም ላይ ነበር እኮ የሚጻፈው፣ እህቴ» አለች ባለሙያዋ።

ችኩሌ ወደ አባቷ ክፍል ጠቆመች። «አባባ ያውቋቸዋል! አንድ በአንድ ይነግሩናል!»

«በዳበሳ? ቀንድ አውጣው ብቻ ስልሳ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ከየት እንደመጡ ካልታወቀ ለእኛ የሚያምሩ ድንጋዮች ናቸው፣ በቃ። በጣም አዝናለሁ።»

ባለሙያዋ ስትሄድ ችኩሌ ዓይኗን ጠርጋ አባቷ ክፍል ገባች።

«ወሰዱት?»

«ወሰዱት አባባ። አንድም አላስቀሩ።»

ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘርግተው እጇን ያዙ። «መጀመሪያ የትኛውን አነሳች?»

«ሰባት ቁጥርን» አለች፣ አፏ ላይ የመጣላትን። «እንዴት እንደወደደችው!»



«ሰባት ቁጥር ባዶ ነው» አሉ አባባ። «ድንጋይ የሆነ ሙሉ ዓሣ አመጣልሻለሁ ብዬ ለእናትሽ ቃል ገብቼ ነበር። ቦታውን ለሱ ተውኩት። አላገኘሁትም።»

ችኩሌ እጇን ልትስብ ሞከረች።

«ያ ሁሉ በረኪና ሲሸተኝ የሰነበተው… አጠብሻቸው እንዴ፣ ልጄ?»

አባባ እጇን አልለቀቁም። ቢለቋት ይሻላት ነበር።