አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ጊዜ

በማተሚያ ቤቱ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ፤ አራሚዋ በቀይ እርሳስ «ይታተም» ብላ ካልፈረመች ማሽኑ አይነሳም። ሥርዓቱን ያወጣው ሟቹ ወንድሟ ነው። ዛሬ አለቃው የወንድሟ ልጅ ነው፤ ማሽኑን ወርሷል፣ ትዕግሥቱን ግን አልወረሰም።

ከጠዋት ጀምሮ የያዛት የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ዶክተር ገጽ አርባ ላይ፣ «1,000,001 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም» ብለዋል። ሌላ አራሚ ቢሆን ፊደሉን አይቶ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ቁጥር በወሬ አታምንም። ከትንሹ ብቸኛ ቁጥር፣ ከሁለት ጀምራ፣ እያካፈለች ወጣች። ሃያ ስድስተኛው ላይ፣ 101 ላይ ስትደርስ፣ ቁጥሩ ምንም ሳያስተርፍ እጁን ሰጠ። 101 ሲባዛ በ9,901። አለቀ።

«አክስቴ፣ የጻፉት እኮ ዶክተሩ ናቸው!» አለ የወንድሟ ልጅ በሩን እንደያዘ።

«101 ዶክተር አይፈራም።»

«አንቺ የተማርሽው እስከ ስምንተኛ ነው።»

«መጽሐፉስ የስንተኛ ነው?»

ቀልዱ ከአንገት በላይ ነበር፤ ውስጧ እየነደደ ነው። ልጅ ሳለች «መጽሐፉ ተሳስቷል» ብላ ስለተከራከረች መምህሩ በጓደኞቿ ፊት አንበርክኳት ነበር። ልክ ነሽ ያላት ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። አሁን ደግሞ ሌላ ልጅ በእሷ ፊርማ ልትንበረከክ ነው። ሞታ ነው ቆማ!

የወንድሟ ልጅ ሳይወድ በግዱ ስልክ ደወለ። ዶክተሩም፣ «እንግዲያው 1,000,003 በሉት፤ እሱ ብቸኛ ነው» ብለው ዘጉበት።

«ይኸው ተፈታ። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፣ ፈርሚ!»

«ሳላካፍል?»

«ዶክተሩ አሉ እኮ!»

«ስለ መጀመሪያውም ብለው ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቸኛ ነኝ የሚልን ቁጥር ለማጋለጥ አንድ አካፋይ ይበቃል። እውነቱን መሆኑን ለመመስከር ግን እስከ አንድ ሺህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ፣ አንድ መቶ ስልሳ ስምንቱም፣ ሞክረውት ማፈር አለባቸው። ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም፤ ከሺህ በላይ አካፋይ ቢኖረው አብሮት የሚባዛው ጓደኛው ከሺህ በታች ይገኛል።

«አክስቴ ብትሆኚም ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ሥራ የለሽም!»

«ይሁን። ዛሬ ግን አራሚ ነኝ» አለችና እርሳሷን ቀረጸች።

የሚፈረምበትን ወረቀት ነጥቆ በገዛ እጁ «ይታተም» ብሎ ፈረመና ወደ ማሽን ክፍል ወረደ። ሽማግሌው ማሽኒስት ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ገልብጦም አየው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ልጄ፣ አካፍለኸዋል?»

«አለቃው እኔ ነኝ! አስነሳው!»

«አለቃነትህን ማን ካደ? አካፍለኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

ማሽኑ አልተነሳም። አለቃው ደረጃውን ተመልሶ ወጣ፤ ወንበር ስቦ አክስቱ ፊት ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ በቁጥር የተሞላ ወረቀት ተከምሯል።

«ስንተኛው ላይ ደረስሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስልሳ ሦስተኛው ላይ። ዝም በል፣ ታሳስተኛለህ።»