የባሕርይ ነጥብ

ወርቅውሃ ካርዱ ላይ «4» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከአርባ፣ አራት። በዳኝነት ወንበር ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ እንዲህ ያለ ነጥብ ለማንም ሰጥታ አታውቅም፤ ባለፈው ወር ምት ጠፍቶበት ከበሮ መቺው ላይ ለወደቀው ልጅ እንኳ ለውዝዋዜው ከአሥራ አምስት በታች አልሰጠችም። ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ማሸጊያውን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ለጠፈችና ለአስተባባሪዋ አቀበለቻት። ሴትዮዋ ከአዳራሹ እስክትወጣ ድረስም በዓይኗ ተከተለቻት። የሰጠችው ነገር የት እንደሚደርስ ሳታይ ማደር አይሆንላትም።

አዳራሹ ሰበታ ውስጥ ለሠርግ የሚከራይ ነው፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የውዝዋዜ ውድድሩ በቀጥታ የሚተላለፈው ከዚያ ነበር። ነጥቡ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ስልሳው ለውዝዋዜው፣ አርባው ደግሞ ለባሕርይ ነው፤ በዚህ ላይ ተመልካች በስልክ የሚሰጠው ድምፅ ይደመራል። የባሕርዩን ነጥብ ዳኞች የሚሰጡት ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ሳይወጣ፣ ስለ ኑሮው የተቀረጸችውን አጭር ፊልም አይተው ነው፤ ፖስታው አንዴ ከታሸገ አይከፈትም። ይህን ደንብ ያወጣው አዘጋጁ ባርናባስ ነው። «እትዬ፣ ሰው እግር አይቶ ድምፅ አይሰጥም፤ ሰው አይቶ ነው» ይላል። ወርቅውሃ በቴአትር ቤት ሠላሳ ዓመት ስትወዛወዝ ስለ ባሕርይዋ የጠየቃት አልነበረም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ትባረር ነበር።

ዛሬ ከሁለት አንዱ ይሰናበታል፤ የሰበታው ሄመን ወይም የሱሉልታዋ ላሊሴ። የሚያልፈው ለፍጻሜ ይቀርባል፤ ለፍጻሜ የቀረበ ደግሞ በአንድ ትልቅ የባህል ቡድን ውስጥ ይቀጠራል። ወተት መሰብሰቢያ ውስጥ ቆርቆሮ ስታጥብ ለምትውለው ላሊሴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሄመን ፊልም እናቱን አቅፎ ሲያለቅስ ያሳያል። ሲያለቅስ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ እንባውም ዘወትር ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ይመጣል። ወርቅውሃ ይህን ልብ ሳትለው አልቀረችም። ቢሆንም ሠላሳ ሰጠችው፤ ቢያንስ ልጁ ይናገራል።

ላሊሴ ግን ቤቷን አላስቀርጽም አለች። ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ እጆቿን እያየች፣ «አንዲት እናት ናቸው» አለች። ስማቸውን ንገሪን ሲሏት፣ «አልጠራውም» አለች። ለምን ሲሏት፣ «አልጠራውማ» ብላ ዝም። ፊልሙ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ፊልሙ ከእሑዱ ቀደም ብሎ ተለቅቆ ስለነበር ሰዉ በስልኩ «ውለታ ቢስ»፣ «ገና ሳታሸንፍ ኮራች» እያለ ሲጽፍባት ሰነበተ።

ወርቅውሃን የከነከናት ግን ኩራቱ አልነበረም። የላሊሴ ረገዳ ተረከዟን አስቀድሞ መሬቱን ይመታል፤ አንገቷ ደግሞ ከእግሯ በግማሽ ምት ዘግይቶ ይከተላል። ይህ ሠርግ ላይ ቆሞ በማየት የሚለመድ አይደለም፤ የተገራ እግር ነው። በውድድሩ ደንብ ደግሞ ምሽት ቤት የሠራ ወይም በአሠልጣኝ የተዘጋጀ ሰው አይገባም። ስሙ የተደበቀው አስተማሪ የተደበቀበት ምክንያት ይኖረዋል። አራት የሰጠቻት ለዚህ ነው፤ እንዲያውም በዛባት።

ሄመን ተወዛውዞ ሲጨርስ አርባ አራት ሰጠችው። ከዚያ እረፍት ተባለ። ወርቅውሃ አየር ልውሰድ ብላ፣ ደረቷ ላይ የተሰካውን ትንሽ ማይክ እንኳ ሳታወልቅ ወጣች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰው ልትፈልግ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ለተወዳዳሪ ቤተሰቦች ከአዳራሹ ጀርባ ድንኳን ተተክሏል። ከበሮ መቺው አዳራሹ ውስጥ ከበሮውን እየሞከረ ነው። ከድንኳኑ ጥግ፣ ጥቁር ጃንጥላ ጭናቸው ላይ ያጋደሙ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ከከበሮው ጋር ይነቃነቃል። ተረከዝ ይቀድማል፣ ከዚያ ግማሽ ምት፣ ከዚያ አንገት።

‹ያዝኩሽ!› አለች ወርቅውሃ በልቧ። ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ፈጥና ተጠጋቻቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?»

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ። ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

አልተቀመጠችም። «ላሊሴን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ደግ አልሠራሁም?»

«ስምዎ ማን ይባላል?»

«ጠጅቱ።»

«ታዲያ እሷ ስምዎን ለምን ትደብቃለች? የት የት ነው ያሠለጠኑት?»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። «የት አሠለጥናለሁ? ጓሮዬ ነዋ! የልጄ ሚስት ናት እኮ። ላጉ አታውቂም? ምራት የባሏን እናት ስም አትጠራም። ጠርታ ኋላ በየትኛው ዓይኗ ታየኛለች?» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ምነው፣ አጠፋች እንዴ?»

ወርቅውሃ አሁን ተቀመጠች። ገፈርሳ አጠገብ፣ ቡራዩ ውስጥ ነው ቤቷ። የጎረቤቷ የኦቦ ያደታ ሚስት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የባሏን አባት «እኚያ ሰውዬ» ስትል ሰምታለች። ተጣልተው መስሏት ሁለት ጊዜ ልታስታርቃቸው ሄዳ ነበር፤ ነገሩን ያስረዷት በሳቅ እየፈረሱ ነው። ታውቀው ነበር ማለት ነው። ጥርጣሬዋ ከምታውቀው ነገር ቀደመባት።

ባርናባስን ከካሜራዎቹ ኋላ አገኘችው።

«ካርዴን መልስልኝ።»

«ምነው፣ እትዬ?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ምኑ ላይ?»

ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ከነገረችው አሮጊቷን መድረክ ላይ አውጥቶ መጫወቻ ያደርጋቸዋል። «ነጥቡ ላይ» አለች።

«የታሸገ አይከፈትም፤ እርስዎም ፈርመውበታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ማይክ አለዎት። ልብዎ ያለውን ቢናገሩ ማን ይከለክልዎታል?»

ባርናባስ እንዲህ ሲለሰልስ ደስ አይላትም። ሆኖም ላሊሴ መድረክ ላይ ወጥታ ነበርና ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጅቷ ረገዳውን መታችው። ወርቅውሃ በዕድሜዋ ካየቻቸው ሁሉ ይህን አንገት የሚያህል አላየችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ካሜራ እንዳያየው ብላም ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ስልሳ ከስልሳ ጻፈች። ስልሳና አራት፣ ስልሳ አራት። ሄመን ሰባ አራት ይዞ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ ሁለት ዳኞች እንደ ልማዳቸው ለሁለቱም እኩል እኩል አካፍለዋል። ልጅቷን የሚያተርፋት የተመልካች ድምፅ ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ኩሩ ናት ብሎ ፈርዶባታል።

ተራዋ ሲደርስ ቀና ብላ ተናገረች።

«ለባሕርይዋ አራት ሰጥቻታለሁ። ያስተማሯት አማቷ ናቸው። በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አክብራ ነው ዝም ያለችው። አሁን በእረፍቱ ወጥቼ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ ጠረጠርኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በስክሪኑ ላይ የላሊሴ ድምፅ መቁጠሪያ መሮጥ ጀመረ። አስተዋዋቂዋ ሔለን ፈገግ እያለች ወደ ላሊሴ ተጠጋች።

«ላሊሴዬ፣ እስቲ ዛሬ፣ አንዴ ብቻ፣ ለኛ ስትይ፣ የእናታችንን ስም ጥሪልን!»

ላሊሴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከኋላ አንዱ «ጥሪያቸው!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ «ጥሪያቸው! ጥሪያቸው!» ማለት ጀመረ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ከፊት ረድፍ አሮጊቷ በጃንጥላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ተዉአት!» አሉ። «ጠጅቱ ነኝ። እኔው ጠራሁላችሁ፤ አይበቃም?»

ሰዉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ወርቅውሃ ግን አላጨበጨበችም። ድንኳን ውስጥ ነበር የተወቻቸው፤ ማን ፊት ረድፍ አመጣቸው? ነጠላቸው ላይ ትንሽ ማይክ ተሰክቷል። በትልቁ ስክሪን ፊታቸው ሲታይ ከሥሩ በቢጫ ፊደል፣ «ጠጅቱ፣ የላሊሴ አማት» የሚል ሰፍሯል። ያን ጽሑፍ አንድ ሰው ቀድሞ አዘጋጅቶታል። ወደ ካሜራዎቹ ዞረች። ባርናባስ የዳኞቹን ማይክ የሚሰማበትን ማዳመጫ ጆሮው ላይ እንደደፋ እጆቹን አጣጥፎ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ መደነቅ የሚባል ነገር የለም።

የላሊሴ ድምፅ የሄመንን አልፎ ሄደ። አለፈች ተባለ፤ ወረቀት ከጣሪያው ተበተነ። ላሊሴ ዳኞችን እንድታመሰግን ወደ ጠረጴዛው ተላከች፤ ወርቅውሃ ጋ ስትደርስም ዝቅ ብላ ጆሮዋ ሥር ተናገረች።

«እትዬ፣ እሳቸውን በእረፍቱ የጠየቋቸው ለካሜራው ብለው ነው?»

ወርቅውሃ ደረቷ ላይ ያለውን ማይክ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አይደለም» አለች።

ላሊሴ ግን የምታየው ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር።