ለራሴ ያስቀረሁት ባለ አንድ ሞላ

ሰው ደግ ነህ ሲለኝ ንድድ ይለኛል። ደግ አይደለሁም፤ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። እንዳላማው እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቄ የማያውቀኝ የለም። ጎማ የተነፈሰበትም፣ የሚጨቃጨቀው ሰው ያጣም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ይሄን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ያዘነልኝ ሰው አልጠፋም፣ ችግሩም እሱ ነው።

የተወለድኩት ከአምበር መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ፣ ከማርቆስ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ነው። ያለችን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። መቼም ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ቄሶቹ አሉ። ከዲያቆኖቹ ግን አንዱ ከተማ ገብቶ ቀረና ሁለት ብቻ ሆኑ። አምስተኛው ሆኖ የሚሞላልን ምናለ ነው፤ የአገራችን ልጅ፣ ማርቆስ ኮሌጅ የሚማር። ቅዳሜ እስኪመሽ ትምህርት አለበትና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በእግሩ ይገሰግስ ነበር። ዝናብና ጭቃ ሲይዘው ያረፍዳል፤ ያን ቀን ቅዳሴው ታጎለ ማለት ነው። በመጨረሻ ሰበካ ጉባኤው መከረና «ለልጁ ሳይክል እንግዛለት» ተባለ። ማን ይግዛ? እንዳላማው ይግዛ! ከእሱ ሌላ ሳይክል የሚያውቅ ማን አለን?

የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አያ አንሙት ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ እኔንም በልጅነቴ በኩርኩም ያሳደጉ ሰው። «አንተ ታውቃለህ ልጄ» ብለው የተዋጣውን ብር ሰጡኝ። እኔም ለራሴ አንድ ልገዛ ሳስብ ከርሜ ነበርና አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ያገለገሉ የተራራ ሳይክሎች ገዝቼ መጣሁ። ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ግራጫ ነው፤ ሞላው ከፊት ብቻ፣ ከኋላ ድርቅ ያለ ብረት። ሌላው ቀይ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። የኋላ ሞላ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ደህናው አለ፤ ደህናው ግን ለእኛ ኪስ አይደለም። በእኛ ብር የሚገኘው ዓይነት ከኋላ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ቡሎንና በዙሪያው የሚገቡ ሁለት ቀለበቶች፣ እኛ ቡሽ የምንላቸው፣ አሉት፤ እዚያ የእኛ አገር ጭቃ ሲገባበት ቡሹን ይበላዋል፣ ቡሎኑም በየሳምንቱ ይላላል። መለዋወጫው ማርቆስ ቀርቶ አዲስ አበባም እንጃ። የኋላ ዕቃ መጫኛ እንኳ አይታሰርበትም። ግራጫው ግን የሚፈታ የለው፣ የሚላላ የለው፤ ጭቃውን ውኃ ደፍተህበት መሄድ ነው። ለዚያ መንገድ ግራጫው ነበር የሚሻለው። ይሄን አውቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እጄ ግሪስ የጨረሰው ለምን ሆነና!

ግን ግራጫውን ከመናኸሪያው እስከ ሱቄ ስነዳው ልቤ ሸፈተ። ስትረግጠው ይሄዳል፣ ስትይዘው ይቆማል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ሳይክል እሱ ነበር።

በማግስቱ አያ አንሙት ሊመርጡ መጡ። ገና ሱቁ በር ላይ ቆመው ሳል አፈናቸው፤ ደረታቸውን ማመም የጀመራቸው ያኔ ነው። ግራጫውን አለፍ ብለው የቀዩን ወንበር በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ዝቅ አለና ተመለሰ።

«እሰይ! ይሄስ ሰጋር በቅሎ ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ የቱ ይሻለናል?»

ያኔ ነበር አፌ ቁርጥ ማለት የነበረበት።

«ቀዩ ይሁንላችሁ» አልኳቸው። «ባለ ሁለት ሞላ ነው። ድንጋዩን ይውጥለታል፤ ልጁን ወገቡን አያመውም።»

«አንተስ?»

«እኔ በዚህ ባንዱ እብቃቃለሁ።»

እብቃቃለሁ! ስሙኝማ! ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለቤተ ክርስቲያን የተሻለውን ሰጥተህ ያነሰውን ለራስህ ያዝክ። አባትህን መሰልክ። ከክፉ ይሰውርህ፣ ያሰብከውን ይሙላልህ» ብለው መረቁኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን አልኩ።

አገሩ ሁሉ ወሬው ይሄው ሆነ፤ እንዳላማው ለራሱ ባለ አንድ ይዞ ባለ ሁለቱን ለእኛ ሰጠን። ገበያ የመጣ ሁሉ ሱቄ ጎራ ብሎ ይመርቀኛል። አንዷማ እንቁላል አምጥታልኛለች። ለራሴ ግን እንዲህ አልኩ፤ ምን ችግር አለው፣ ቡሎኑን በየቅዳሜው አጠብቅለታለሁ። እውነትም አጠበቅኩ። ግንቦትንና ሰኔን አንድ ቅዳሜ አላጓደልኩም። ምናለ ከትምህርት ሲወጣ ያመጣዋል፣ እኔ እፈታለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጠብቃለሁ። በዚያ በቃ ከኅሊናዬ የታረቅኩ መሰለኝ።

ሐምሌ ገባ። የአያ አንሙት ደረት ባሰበት፤ ሐኪም ቤት ታይተው «ቤትዎ ይረፉ» ተብለው ተመለሱ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ የብርጓል አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አብረው ግን አልቆረቡም፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ነው ዕድሜው የሄደው። አሁን ንስሐቸውን ጨርሰው፣ ቀን ተቆርጦላቸው፣ እሑድ ባልና ሚስት ሊቆርቡ ሆነ።

ቅዳሜ ምናለ ደወለልኝ።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ሱቁ ዝግ ነው እኮ። የት ነዎት?»

የት ልሁን? ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ግራጫውን ይዤ በአስፋልቱ ሽምጥ እየጋለብኩ አማኑኤል ከተማ ደርሻለሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ ጥብስ እየበላሁ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የኋላው ሲጢጥ ይላል። ይወዛወዛል። ነገ ደግሞ እነ አያ አንሙት ሊቆርቡ ነው፤ እሳቸውን በቃሬዛ ነው የሚያመጧቸው።»

ተነሥቼ ብመለስ በጊዜ እደርስ ነበር። አልተነሣሁም።

«አንድ ቀን ምን ያደርገዋል፣ ያደርስሃል። ሰኞ አምጣልኝ» አልኩት።

ሰኞ አመጣው። በትከሻው ተሸክሞ። አገጩ ላይ ፋሻ፣ ጉልበቱ ላይ ፋሻ። የሳይክሉ ኋላ ለሁለት ተከፍሎ ተንጠልጥሏል፤ ቡሎኑ ተቆርጧል።

«ወደ ወንዙ ቁልቁል ስወርድ ነው» አለኝ። «እዚያው ጥዬው ሮጥኩ። ደረስኩ እኮ ጋሼ! አባቶች ለብሰው እየጠበቁኝ ነበር። ደሙ ነው አልቆምልኝ ያለ።»

ሌላ ማብራራት አላስፈለገውም። ደም እየፈሰሰው መቅደስ የሚገባ ልዑክ የለም። ቄስ ኪዳነ ማርያም አገጩን አይተው «ውጭ ቁም ልጄ» አሉት። በነጠላ ጫፍ ቢይዙት፣ ውኃ ቢያፈሱበት፣ ይቆምና ደግሞ ይጀምራል። ሕዝቡ ጠበቀ። አራት ልዑካን ውስጥ፣ አምስተኛው በር ላይ። ጠብቀው ጠብቀው ልብሳቸውን አወለቁ።

«አያ አንሙትስ?» አልኩ።

«ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም ነበር። ቃሬዛቸው ላይ እንዳሉ ጠሩኝና አገጬን ዳሰሱት። ‘ልጁን እንዳትቆጡት፣ ብረት ነው፣ ብረት ይሰበራል፤ እሑድ ደግሞ አለ’ አሉ።»

እሳቸው ግን እሑድ አልደረሱም። ረቡዕ አረፉ።

ቀብር አልሄድኩም። አመመኝ ብዬ ሱቄን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሳይክሎቹ ሁለቱም ከፊቴ። ግራጫውን ባየሁ ቁጥር ያ ጥብስ ወደ ጉሮሮዬ ይመጣል። ሐሙስ ዕለት የኋላ ዕቃ መጫኛ አሰርኩበት፣ ፍሬኑን አስተካከልኩ፣ ካቴናውን ግሪስ ቀባሁ። ዓርብ፣ በሣልስቱ፣ ነድቼው ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ቄስ ኪዳነ ማርያም አሉ፤ ምናለም ጥግ ላይ ተቀምጧል። እትዬ የብርጓል ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ። «እግዜር ያጥናዎት» ብዬ ጎንበስ ስል እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ለሰዉ ተናገሩ።

«ይሄ ነው ያ ደግ ልጅ። ያነሰውን ለራሱ የያዘው። ሟች እስከ መጨረሻው ስሙን ሲያነሣው ነበር።»

ከዚያም ዙሪያዬን ያለው ሰው «እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ» ሲል ቁጣዬ መጣ፤ በማን ላይ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ዝም በሉ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ያነሰውን አልያዝኩም! የተሻለው ባለ አንዱ ነበር። ቀዩ ለዚህ መንገድ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ባለ አንዱን አምሮኝ ነው ለራሴ ያስቀረሁት። ቅዳሜም ምናለ ይወዛወዛል ሲለኝ ያደርስሃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አማኑኤል ቁጭ ብዬ ጥብስ እየበላሁ። አያ አንሙትን ቁርባን የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም አንገታቸውን ደፉ። ምናለ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። እትዬ የብርጓል ግን እጄን አልለቀቁም፤ ይዘውኝ ረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አዩ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሱ ይሄን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ።

«አያውቁም።»

«መርቆህ ነው የሞተው።»

«አዎ።»

እጄን ለቀቁኝ። «ዛሬ በየቱ መጣህ?»

«በባለ አንዱ። ውጭ ቆሟል።»

«እሑድ እኔ እቆርባለሁ። ቅዳሴው እንዳይታጎልብኝ። ሳይክሉን ለምናለ ስጠውና አንተ በእግርህ ግባ።»

ንፍሮ አስመጥተው ሰጡኝ፤ ለሌላው ሰው እንደሰጡት ለእኔም ሰጡኝ። ወጥቼ ሳይክሉን ለምናለ አስረከብኩና መንገድ ጀመርኩ።

ወንዙ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ኮሌጅ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ወረደና አብሮኝ መራመድ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይፈናጠጡ። መጫኛ አለው እኮ፤ ላድርስዎት» አለኝ።

«በእግርህ ግባ ተብያለሁ።»

«ማንም አያይዎትም።»

«ሂድ ብዬሃለሁ! ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ያዝ።»

ሄደ። ዝናቡ ያዘኝ፤ ጫማዬ ጭቃውን እየጎተተ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

እሑድ ሱቄን አልከፈትኩም። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወደ አራት ሰዓት ላይ ጠራ።

«በጊዜ ደርሻለሁ ጋሼ» አለኝ ምናለ። «አምስታችንም ገብተናል። እትዬ የብርጓል ቆርበዋል።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን» አለኝ።