ማሩ ውስጥ የነበረው

ባሌ ሮብሌ ግትር ነው። ይህን የምለው እሱን ለማማት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ የተመላለሰ ሰው ግትር ካልሆነ በረሃው ላይ ይቀራል። መንገዱ ግን ጉልበቱንና የእጁን ጣቶች በላበት። ሐኪም አይቶት የመገጣጠሚያ ሕመም ነው አለውና ነጭ ኪኒን ጻፈለት። ምግብ በልተህ ዋጥ፣ ከዚህ ጋር ሌላ ማስታገሻ አትቀላቅል፣ ሆድህን ካቃጠለህ ቶሎ ተመለስ ብሎ አስጠነቀቀው። ሮብሌ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ዋጥ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን መድኃኒት ቤት ሆነ። ጓደኛው ወርሳሜ ዛሬም በዚያው መስመር ይሠራልና ከጅቡቲ ሮዝ ኪኒን ያመጣለታል። «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ያንተን ያስንቃል» ይለዋል። ሮብሌ የሰው ስጦታ መመለስ አይወድም፤ ነጩንም ሮዙንም ይውጣል። ቁርስ የሚባል ነገር ደግሞ ከድሮም አይሆንለትም። እኔ በበኩሌ ማታ ማታ የሰሊጥ ዘይት ሞቅ አድርጌ ጉልበቱን አሸዋለሁ፣ ጠዋት የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሼ አቀርብለታለሁ። እሱ ከልቡ የሚያምነው አዝሙዱን ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍለት አዝሙዱ ነው፣ ጣቶቹ ሲዘረጉለት አዝሙዱ ነው። «ሹፌሩ አዝሙዱ ነው፣ ኪኒኖቹ ረዳት ናቸው» ይለኝ ነበር።

ከሰሞኑ ግን ሆዱን መያዝ አመጣ። ከጡቴ በታች ያቃጥለኛል ይላል። እኔም እንደመሰለኝ ፈረድኩ፤ ጥፋተኛው አዝሙዱ ነው፣ ሙቀቱ በዝቶበት ነው አልኩ። ስለዚህ አዝሙዱን ትቼ አብሽ ጠቆር እስኪል ቆልቼና ፈጭቼ በማር እለውስለት ጀመር። አብሽ ለሆድ ለስላሳ ነው። ሮብሌ ያን ነገር ዓይኑን ጨፍኖ፣ በማንኪያ ወርውሮ፣ ሻይ አስከትሎበት ነው የሚውጠው፤ ምኑንም አላወቀም። አልነገርኩትም። ብነግረው ያን ዕለት ጉልበቱ እንደሚያመው ስለማውቅ ነው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሱቄን ዘግቼ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ፣ ለዙህር ሶላት ውዱእ አድርጎ ግድግዳ ይዞ ሲገባ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ግንባሩን ነካሁት፤ ላብ አለው፣ ግን ቀዝቅዟል። ድሬዳዋ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚበርደው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ትንሽ አዞረኝ።»

«እህል ቀመስክ?»

«አቦ ተይኝ ሳዶ!»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከቆምኩበት ይታየኛል፣ በጣም ይፈጥናል። ውሃ ሰጠሁት። እሱ ግን ሳቅ አለ፤ እኔን ለማረጋጋት መሆኑ ነው።

«ናያ ሳዶ፣ ያንቺ አዝሙድ ግን ኃይለኛ ነው፣ ወላሂ። ሽንት ቤት ስቀመጥ የሚወጣኝ ጥቁር ነው፣ ሬንጅ በይው። ወርሳሜን ነግሬው፣ አዝሙዱ በሽታህን እየጠረገ እያወጣው ነው አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰሞኑ። ምን ታፈጫለሽ?»

ለሮብሌ አዝሙድ ከሰጠሁት ሁለት ሳምንት አልፎታል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዴ፣ የድሮው ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ሁለት ሳምንት ሆድ ውስጥ ምን ይቀመጣል? ታዲያ ጥቁሩ ነገር ምንድነው? ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም።

«ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

«በአዝሙድ የተነሳ? ሰው ይስቅብኛል አቦ። ትንሽ ልተኛ፣ ይተወኛል።»

«አትተኛም!»

«ሳዶ፣ አዝሙድ ነው አልኩሽ እኮ።»

«አዝሙድ የለም ሮብሌ።»

«ምን?»

«ማሩ ውስጥ አዝሙድ የለም። ሆዴን አቃጠለኝ ስትል ጊዜ ትቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላኸው አብሽ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምነው በተቆጣ! ዓይኖቹ ውስጥ ፍርሃት ሲገባ አየሁ። ይሄን ሰው ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ ያየሁት ጊዜ እኔም የነበረኝ ጥቂት ድፍረት አለቀ።

«ታዲያ ምንድነው የሚወጣኝ?» አለኝ በቀስታ።

«አላውቅም።»

እጁን ዘረጋልኝ። «አንሺኝ» አለ።

ነጩንም ሮዙንም ኪኒን አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ፤ ሐኪም ያያቸዋል ብዬ ነው። ጎረቤታችን ዐብዲራሕማን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ነበር፣ ተጋግዘን አስገባነው። የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ከበደ። እንዳይተኛብኝ ማውራት ጀመርኩ። የማወራው ሲጠፋኝ ወርሳሜን እሰድብ ጀመር። ወርሳሜን ከሰደብኩ ሮብሌ ዝም ብሎኝ አያውቅም፣ ሁሌ ይሟገትለታል። ሌባ አልኩት፣ ውሸታም አልኩት፣ ኮንትሮባንዲስት አልኩት። ሮብሌ አልመለሰም። «ዋሪያ ሮብሌ! ጓደኛህን እየሰደብኩ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ዐብዲራሕማን ዞር ብሎ አየንና ባጃጁን አፈጠነው።

ሆስፒታል ስንደርስ በቃሬዛ ወሰዱት። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ስለ ጥቁሩ ነገር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ፌስታሉን ከፍታ ኪኒኖቹን አየች።

«ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚወስዱት?»

«አዎ። አንዱ የዚህ አገር ነው፣ አንዱ የፈረንጅ ነው ብለው…»

«እናቴ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሲደራረቡ፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራ ያቆስላሉ። የሚወጣው ጥቁር ነገር ደም ነው። ጨጓራቸው እየደማ ነው።»

«ይድናል?»

«ደም እንሰጣቸዋለን። ከዚያ እናያለን።»

እናያለን! ይሄን ቃል የፈጠረው ሰው የታመመ ባል ደጅ ተቀምጦ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግኩ፤ መሐል ላይ እየጠፋኝ ከመጀመሪያው እደግመው ነበር።

አመሻሽ ላይ አስገቡኝ። የተንጠለጠለው ደም ጠብ ጠብ ይላል፣ ከንፈሩ ትንሽ መልክ መልሷል። ሐኪሟ መድማቱ የቆመ ይመስላል አለችኝ፤ ግን ገና ነው፣ እነዚያን ኪኒኖች ከእንግዲህ በዓይኑም አያያቸው አለች። ለሕመሙ ጨጓራ የማይነካ ሌላ ማስታገሻ በደም ሥሩ ሰጡት። ፌስታሉን መልሳልኝ ስለነበር ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሮብሌ ዓይኑን ገለጠ።

«ሳዶ።»

«አቤት።»

«ጉልበቴ።» ጥርሱን ነከሰ። የተሰጠው ነገር አልያዘለትም። «ቦርሳሽ ውስጥ ናቸው አይደል?»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

«አንዷን ብቻ። ነጯን። ማንም አያይም፣ ወላሂ አንዷን ብቻ።»

ይህን ሰው እወደዋለሁ። ሲያመው ማየት አልችልም፤ አንድ ነገር ልስጠው ብዬ የማልሮጥበት ቀን የለም። እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር፣ መቼ እዚያ እንደደረሰ አላውቅም። የዚያን ሰዓት የፈራሁት ሞትን አይደለም፣ እጄን ነው።

ነርሷን ጠራኋት። «ይሄን ውሰጂልኝ» ብዬ ፌስታሉን ሰጠኋት፣ «ተመልሼ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ሮብሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና እያለቀሰ መሆኑን አወቅኩ። ጉልበቱን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ አልገፋኝም። ኧ… እያለ አቃሰተ፣ ደግሞ አቃሰተ። ባቃሰተ ቁጥር «አልሃምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ» እል ነበር፣ እሱ እንዳይሰማኝ በልቤ።